የዘጠና ሁለቱ መሐላ

"ስንት ደረሰ?" አለ ቱርኪ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

"ዘጠና ሦስት። እየወረደ ነው" አለች ከውሰር ከኋላ ወንበር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከፊት ማዳም አንቀላፍታለች።

ከጅዳ ወደ መካ ለዑምራ እየሄዱ ነው። ቱርኪ የማዳም ልጅ ነው። ከውሰር ለቤት ሠራተኝነት ስትገባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከትምህርቱ ይልቅ የአሜሪካ አክሲዮን ያጠናል። ያልተሰፋውን ነጭ ጨርቅ፣ ኢሕራም፣ ለብሶ ስለሚነዳ ስልኩን የሚከትበት ኪስ የለውም፤ ለከውሰር ሰጥቷታል። የኮምፒውተር ቺፕ ከሚያመርት ኩባንያ በስሙ ሁለት መቶ አክሲዮን ገዝቷል። አርባው የከውሰርና፣ መካ ጀርወል ሰፈር ሆቴል የምታጸዳው ጓደኛዋ የፋጤ ነው፤ ከረመዳን በኋላ አገራቸው ሀርቡ ገብተው ወፍጮ የሚተክሉበት ገንዘብ። ማዳም ብትሰማ በልጇም በከውሰርም ላይ ጉድ ይፈላል።

ዕቅዱ የሦስት ቀን ነበር። በዘጠና ስምንት ዶላር ገዝተው፣ ኩባንያው ትርፉን ሲያሳውቅ መቶ ስምንት ላይ መሸጥ፤ ወደ ዘጠና ሁለት ከወረደ ግን ሳያቅማሙ መውጣት። ሌላው ሰው ስልኩ በራሱ እንዲሸጥ ያዘዋል። ፋጤ ማሽን አታምንም፤ ከውሰርን "ወላሂ እሸጣለሁ" አስብላ አስማለቻት። ሞኝነትም ቢሆን ሁለቱም በዚያ ተማምነው አደሩ።

"ዘጠና ሁለት ገባ" አለች ከውሰር።

"አትንኪው! ይመለሳል።"

"ምያለሁ እኮ።"

"መሐላ ላፈረሰ ካሳው፣ ከፋራው፣ አሥር ሚስኪን ማብላት አይደል? ኻላስ፣ መካ ስንደርስ እኔ አበላልሻለሁ" ብሎ ሳቀ።

ከውሰር አልሳቀችም። እሱ ቢከስር አባቱ አለለት። ግን "ይመለሳል" ያለው ቃል እሷንም አጓጓት፤ አርባውን ይዛ ብትቆይስ? በዚህ መሀል የራሷ ስልክ ነዘረ። ፋጤ ናት።

"እህቴ፣ ሸጥሽ?"

"ኢንሻአላህ።"

"የምን ኢንሻአላህ ነው? ሸጥሽ ወይስ አልሸጥሽም?"

ስልኩን ዘጋችው። ዋጋው ዘጠና አንድ ሆነ። ከውሰር በጣም ፈራች። በቱርኪ ስልክ ላይ አርባ ብላ ጻፈችና "ሽጥ" የሚለውን ተጫነች።

"የኛን ሸጥኩ" አለች። "ያንተ መቶ ስድሳው አለ።"

ቱርኪ በመስታወቱ አፈጠጠባት። "ሳላዝሽ! ገንዘቡ እኮ በኔ ስም ነው፤ መልሰሽ ግዢ።"

"አልገዛም። ዛሬውኑ ለፋጤ ላክልን።"

"ግዢ ብያለሁ፤ አለዚያ ለእናቴ እነግራታለሁ።"

መካ መግቢያ ያለው የሹመይሲ ፍተሻ ኬላ ደርሶ መኪኖች ተሰልፈዋል። ከውሰር ስምንት ዓመት ሙሉ የማዳምን ኮቴ ስትሰማ ስትደነግጥ የኖረች ሴት ናት። ሆኖም ጎንበስ ብላ የማዳምን ትከሻ ነካ አደረገች።

"ማዳም፣ ንቂ። ቱርኪ የሚነግርሽ ነገር አለ።"