ትርጉም የሌለው ካፖርት

በዚያ ዘመን ዋርሶ ውስጥ ለሲኒማ ማስታወቂያ የሚሥል ሰው ፊልሙን አያይም። ግማሽ ገጽ ማጠቃለያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሩ። እኔም ከኢጣሊያ ለመጣ አንድ አስፈሪ ፊልም የሣልኩት እንዲሁ ነው። ማጠቃለያው «አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ይጠረጥራል» ይላል። እኔ ደግሞ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ግራጫ ካፖርት ሣልኩ፤ ሰው ያለበት ይመስል ያበጠ፣ ራስ የሌለው፣ እጅጌው እስከ ወለል የወረደ። ከጀርባው የሻገተ ሎሚ የሚመስል ቢጫ ለቀለቅኩበት።

ከዚህ በፊት ሁለት ማስታወቂያዬ በአጽዳቂው ኮሚቴ ውድቅ ሆኖብኛል። ሦስተኛው ውድቅ ከሆነ የሠዓሊዎች ማኅበር ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ያገኘሁትን የሥዕል ክፍል ይነጥቀኛል። ክፍሉ ሰፊ መስኮት አለው። ዋርሶ ውስጥ መስኮት ያለው የሥዕል ክፍል ማግኘት ባል ከማግኘት ይከብዳል፤ ሁለቱንም ሞክሬ ነው የምናገረው።

ማክሰኞ ጠዋት አጽዳቂው ኮሚቴ ፊት ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዛቶርስኪ፣ ከባህል ክፍል የመጡት ጓድ ሃሊና፣ እንዲሁም የድሮ መምህሬ ፕሮፌሰር ሉድቪክ፣ ሻይና ደረቅ ብስኩት ከበው ተቀምጠዋል። የኮሚቴ አባል የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው ያየውን እሱ ሳያይ መቅረት።

«ቅንብሩን እንመልከት» አሉ ሊቀመንበሩ። «ካፖርቱ ወደ ግራ አዘንብሏል። ሊወድቅ ነው?»

«ኧረ ተሰቅሏል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማን ሰቀለው?» አሉ ጓድ ሃሊና መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ደግሞ ይኼ ቢጫ! ዓይኔ መጀመሪያ እሱ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በእጅጌው ተንሸራቶ ይወርዳል። ጫፉ ጋ ስደርስ ምንም የለም። ተመልካቹን የት ወስደሽ ነው የጣልሽው?»

«እንዲፈራ ብዬ ነው።»

«ምኑን ነው የሚፈራው? እዚህ አገር የሚያስፈራ ነገር አለ እንዴ?»

ሊቀመንበሩ በድል አድራጊነት ጣታቸውን ቀሰሩ። «የካፖርቱን ቁልፎች ቆጥራችኋል? አምስት መሆን ሲገባቸው አራት ናቸው። የጎደለው ማነው?»

«ቁልፍ ነዋ።»

«አትቀልጂ!»

ጓድ ሃሊና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣ ፊቱን ሳያሳይ፣ ሌሊት ሰው ሊወስድ ቤት የሚገባ... እንዲህ ዓይነቱን ሰው የት ነው የምናውቀው?»

አራታችንም በአንድ ጊዜ በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው የሊቀመንበሩ ካፖርት ዞርን። ግራጫ ነው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ አመድ መሰሉ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሃያ ማስታወቂያ ሥዬ አንድ ሰው እንኳ አስፈርቼ አላውቅም። አሁን ሁለት ባለሥልጣን በላብ ተጠመቁልኝ።

ይኼኔ ፕሮፌሰር ሉድቪክ ተነሡ። «ጓዶች፣ ይህች ልጅ ተማሪዬ ነበረች። እጅ መሣል አትችልም። አራት ዓመት ለፋሁባት፤ የምትሥለው ጣት ሁሉ ካሮት ነው። ፊትም አይሆንላትም። ስለዚህ ራሱን ተወችው፣ እጁን እጅጌ ውስጥ ሸሸገችው። ሥዕሉ ምንም ትርጉም የለውም። ማኅተሙን ምቱላትና ትሂድ።»

ሊቀመንበሩ እፎይ አሉ። ጓድ ሃሊና ቃለ ጉባኤው ላይ «ሥራው ምንም ትርጉም ስለሌለው ጸድቋል» ብለው ጽፈው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «በይ ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። ፕሮፌሰሩ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። በዓይናቸው «ፈርሚ፣ ፈርሚ» ይሉኛል። መስኮቴን አሰብኩ።

«ሆን ብዬ ነው» አልኩ።

«ምኑን?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ሁሉንም። የጎደለውን ቁልፍም።»

ውሸቴን ነው፤ ቁልፉን ረስቼው ነበር። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ነጥቀው ቀደዱት፣ ማኅተሙንም መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ ደረሱብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? አድኜሽ ነበር እኮ!»

«እነሱ ሥዕሌን አመኑበት፣ ፕሮፌሰር። እርስዎ አራት ዓመት አስተምረውኝ አላመኑበትም።»

አንገታቸውን ደፉ። እኔም ሐሙስ ዕለት ክፍሉን ለቀቅኩ።