የአርባ ቀን ጥናት

ኳ… ኳ… ኳ… ብረት ብረትን ሲመታ ነው። ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ይመጣል፤ መቺው ግን አይታይም። ለይላ ከመኪናው ወርዳ ቆም አለችና አዳመጠች።

«ችካል እየተከሉ ነው» አለ ሹፌሩ ሀፊዝ፣ በሩን በክርኑ እየገፋ። «እኛ ሰዉን ልናማክር ስንመጣ ቀያሾቹ ቀድመው ሊጨርሱ ነው። እቱ ለይላ፣ ዘንድሮ ባቡሩ ሳይመጣ በጥድፊያ ባቡር የሆንነው እኛ ነን።»

ለይላ አልሳቀችም። የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት፤ ደሴ ባለ አንድ አማካሪ ድርጅት የአካባቢ ጥናት ባለሙያ ሆና ስትሠራ አራተኛ ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ካለው ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ መጋዘኖች የሚገባ አጭር መስመር ሊሠራ ታስቧል። መስመሩ ዛሬ የመጡበትን የሾላ ሜዳ መንደር ኮረብታ ወገቡ ላይ ቆርጦ ያልፋል። ድሮ እንዲህ ያለ ጥናት ክረምትና በጋ ታይቶበት ዓመት ተኩል ይፈጅ ነበር። አሁን አዲስ አሠራር መጥቷል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው የተባለ ሥራ በአርባ ቀንና በስድስት ገጽ ቅጽ ያልቃል። ከስድስቱ ገጽ በአንዱ እንኳ «ያሳስባል» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ከተደረገ ግን ሥራው ከአጭሩ መንገድ ወጥቶ ወደ ረጅሙ ይመለሳል። ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛው ቀን ነው።

ሰዉ ግራሩ ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ አብዱልወሀብ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። «አፊያ ናችሁ? ቤተሰብ ደኅና? መንገዱ እንዴት አደረጋችሁ?» ሰላምታው እንደ ወሎ ልማድ ረዘመ። አብሯቸው የመጣው የለይላ አለቃ ገበየሁ ሰዓቱን በቆረጣ አየት አደረገ፤ ከዚያም ስለ መስመሩ ተናገረ፣ አሳጥሮ።

ሼሁ እሱ ሲያበቃ ጠብቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኛ ባቡር አልጠላንም። የፊተኞቹ አጥኚዎች መጥተው የቤቴን ግድግዳ ቀይ ቀለም ከቀቡት ስድስት ዓመቱ። ይነሳል የተባለ ቤት አይታደስም። ቆርቆሮው ተበልቷል፤ ክረምት ሲገባ ወላሂ ከጎርፍ ጋር ነው የምተኛው። ወይ አንሱኝ፣ ወይ ተዉኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው ጥናቱን ያሳጠርነው፣ አባባ» አለ ገበየሁ።

ከሴቶቹ መካከል ከሪማ የምትባል ቀጭን ሴት ተነሳች። «የእኔ የቤት ነገር አይደለም። ምንጩ የሚወጣው ከዚሁ ኮረብታ እግር ነው። ሃምሳ ሁለት ቤት ይጠጣዋል፤ ጓሮውም በሱ ነው የሚለማው። ኮረብታው ወገቡን ሲቆረጥ ውኃው ማንን ይከተላል? ባቡሩን?»

ሰዉ ሳቀ፤ ገበየሁም ሳቀ። «ጥናቱ ይመልሰዋል» አላት።

ለይላ አንገቷን ደፋች። ጥናቱ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ደቅና፣ በስልኳ ሰዓት ይዛ፣ አንዴ ለክታለች። ለአጭሩ መንገድ አንዴ ይበቃል። ውኃው ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር እንደሚመጣ፣ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

በዚያ አገር እንግዳ ያለ ዱዓ አይሸኝም። ሼሁ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ሰዉም ዘረጋ። «መንገዳችሁን አላህ ያቅናው። ያሰባችሁትን ኸይር ያድርገው።» «አሚን» አለ ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ። ቅጹ ፎቶ ስለሚጠይቅ ሀፊዝ ያን ጊዜ በስልኩ አነሳ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ገበየሁ ፎቶውን አይቶ «ሸጋ ነው» አለ። «ከሥሩ ጻፊ፤ ነዋሪዎቹ እጃቸውን በማንሳት ድጋፋቸውን ሲገልጹ።»

«ዱዓ እኮ ነው፣ ጋሽ ገበየሁ።»

«አውቃለሁ፤ እኔም ደሴ ነው ያደግሁት። አሚን አላሉም? የማይፈልጉትን ሰው ይመርቃሉ?»

«ይመርቃሉ። እንግዳ ነዋ።»

ገበየሁ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ በረጅሙ መንገድ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በረጅሙ መንገድ የዳነ ምንጭ አላየሁም፤ ያየሁት ቀይ ቀለም ነው። ሽማግሌው ያሉትን ሰምተሻል።»

ሰምታለች። ከፎቶው ሥር እሱ ያላትን ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልሆነላትም። ቅጹን ትከፍታለች፣ አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ትዘጋዋለች። ከቢሮ ስትወጣ ባጃጅ ትይዝና ከቤቷ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ትወርዳለች፤ ቧንቧ ውኃ በሚባለው ሰፈር ቁልቁለት በእግሯ ትሄዳለች፣ ተመልሳም ትወጣለች። እናቷ ስትደውል «አብሽሪ፣ ደኅና ነኝ» ብላ ትቸኩላለች። የሚያስቸኩላት ነገር ግን የለም። አንዱን ስታስብ ሌላው ይመጣባታል። የከሪማን ምንጭ ስታስብ የሼሁ ጣሪያ ያፈሳል፤ የሼሁን ጣሪያ ስታስብ ምንጩ ይደርቃል።

በአርባኛው ቀን ሼህ አብዱልወሀብ ደሴ መጡ። የመንደሩ ተወካይ ናቸውና ቅጹ ተነብቦላቸው፣ ሰምቻለሁ ለማለት አሻራቸውን ማሳረፍ አለባቸው። ገበየሁ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ቅጹን ዐሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳል። ለይላ ወንበር አቀረበችላቸውና ታነብላቸው ጀመር። ሼሁ ከልጅነታቸው ቁርዓን ቀርተዋል፣ ዐረብኛውን ያነባሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠሩም።

ፎቶው ያለበት ገጽ ሲመጣ ፊታቸው በራ። በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ስም ጠሩ። «ይቺ ከሪማ ናት። ዱዓ ላይ እንኳ አኮሳትራለች።» ሳቁ። ቀጥለው ጣታቸው ከፎቶው ሥር ወዳለው ጽሑፍ ወረደ። «ምን ይላል?»

የሾላ ሜዳ ሰዎች በዱዓ ላይ፣ ብትላቸው ያምኗታል።

«ነዋሪዎቹ እጃቸውን በማንሳት ድጋፋቸውን ሲገልጹ፣ ይላል።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ለይላ እስክሪብቶ አነሳችና ጽሑፉን ሰረዘችው፤ ከላዩ «እንግዶችን ለመሸኘት የተደረገ ዱዓ» ብላ ጻፈች። እጇ ሳይቆም አራተኛውን ገጽ ገለጠች። ምንጭና ከርሰ ምድር ውኃ በሚለው አንጻር፣ «ያሳስባል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ለአንድ አፍታ ደረቷን ቀለል አላት። ቀና ስትል ሼሁ እያዩዋት ነው።

«ይሄኛውስ?»

«አባባ፣ ይሄ ማለት ጥናቱ ወደ ረጅሙ መንገድ ይመለሳል ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ምንጩን እለካለሁ። የሚመጣበትን ሳናውቅ ኮረብታው አይቆረጥም። ግን ጊዜ ይወስዳል። ዓመት ተኩል፣ ምናልባትም ሁለት።»

«ቤቴስ?»

«እስከዚያ… እንዳለ ይቆያል።»

«ቀዩም?»

«ቀዩም።»

«ከሪማ አስጨንቃሽ ነው?»

«ከሪማ ጠየቀች። እኔ መልሱን አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ልፈርም ነበር።»

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ማዘን አልለየላትም። የቀለሙን ሳጥን ወደሳቸው አስጠጋችላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ወረቀቱ ላይ አንዣበቡ። ጣታቸው አየር ላይ ቆየ።

«ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝ፣ አባባ።»

ሼህ አብዱልወሀብ ወረቀቱን ሳይነኩ ጣታቸውን በነጩ ጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ዱላቸውን አነሱ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱና በሩን ክፍት ትተው ወጡ።