ጋሽ ኪዳኑን ያስቀጣው ካልኩለስ

ራሂማ ፊዚክስ ትወዳለች፤ ካልኩለስ ግን ዓይንሽን ላፈር ብሏታል። ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ እየሠራች፣ ያለ አስተማሪ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በግል ልትፈተን ተመዝግባለች። አምና ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ሐርቡ ያሉት አባቷ «በቃ፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ብለዋታል። ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ነው።

እንቅፋቷ አንድ ገጽ ነው፤ «የቅጽበት ፍጥነት» የሚለው። መጽሐፉ ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ነው ይልና፣ ገጹን ስትገልጠው በአንዲት ቅጽበት ያለውን ፍጥነት ፈልጊ ይላታል። በአንዲት ቅጽበትማ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ዜሮን ለዜሮ ልታካፍል ነው? ወላሂ ይሄን የጻፈው ሰው እንቅልፍ አልጠገበም እያለች ስትዘለው ከረመች። ሌላው ምዕራፍ ሁሉ ግን እሱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልትሄድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቷ ወጥታ መናኸሪያ ሄደችና እንደ ልማዷ የጋሽ ኪዳኑ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀመጠች። ጋሽ ኪዳኑ የደሴን ቁልቁለት ሠላሳ ዓመት የወረዱ ሹፌር ናቸው፤ ትራፊክ የት የት እንደሚቆም አሳምረው ያውቃሉ። ቀጥታው ላይ ይለቁታል፣ ትራፊኩ ጋ ሲደርሱ እንደ ሙሽራ መኪና ይንቀራፈፋሉ።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ትራፊኩ አስቆማቸውና የመናኸሪያውን የመውጫ ወረቀት ተቀበለ። የተነሱበት ሰዓት ተጽፎበታል።

«ሃያ ኪሎ ሜትር በሃያ ደቂቃ። በሰዓት ስድሳ ማለት ነው፤ የተፈቀደው ሃምሳ ነው።»

«ልጄ፣ ስመጣ አይተኸኛል፤ ሃያም አልሞላሁ» አሉ ጋሽ ኪዳኑ።

ትራፊኩ አመነታ። ወረቀቱን ሊመልስ ሲል፣ ራሂማ ላግዛቸው ብላ ጣልቃ ገባች።

«ልክ ናቸው። ስድሳ አማካዩ ነው። ከአማካይ ተነስቶ እዚህ ጋ ስንት ይነዱ ነበር ማለት አይቻልም፤ የፍጥነት ቆጣሪው በየቅጽበቱ ይለያያል።»

«እኮ» አሉ ጋሽ ኪዳኑ ደስ ብሏቸው።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት። ግን ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ቦግ አለ፣ አፏም ተከተለው።

«ግን ሁልጊዜ ከስድሳ በታች ቢነዱ አማካዩ ስድሳ አይመጣም። እዚህ ሃያ ከነበሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ከስድሳም አልፈዋል። የት እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ የሆነች ቅጽበት ላይ የግድ ነው።»

ትራፊኩ የቅጣት ወረቀቱን አወጣ።

ራሂማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ደስታው ግን አላስቀምጥ አላት። ለካ የቅጽበት ፍጥነት ማለት ትንሿን ርቀት ለትንሿ ጊዜ እያካፈሉ፣ ሁለቱንም እያሳነሱ፣ እያሳነሱ መሄድ ነው! ይሄው የቆጣሪው መርፌ ዓይኗ ሥር ስንት ወር ሙሉ ሲያሳያት ኖሯል።

«ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ። ወላሂ ላግዝዎት ነበር።»

ጋሽ ኪዳኑ መኪናውን ቀስ ብለው አስነሱ። «ማነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«ማንም። ብቻዬን ነው የማጠናው።»

ጥቂት ከነዱ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብቻሽን ተምረሽ አስቀጣሽኝ። አስተማሪ ቢኖርሽማ ታሳስሪኝ ነበር።»