ተርብ ያካለለው መሬት

ጣሊያን በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ የትክል ድንጋዩ ገበሬ ፋንታሁን ከቤቱ ጓሮ፣ ከአጋሙ ቁጥቋጦ ውስጥ የተርብ ጎጆ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። ፋንታሁን ግን ደስ አለው።

ሚስቱ ታየች እጇን ሁለት ጊዜ ተነድፋለች። ንብ አንዴ ነድፎ ይሞታል፤ ተርብ ግን መርፌውን ይዞ ይመለሳል።

«አንተ ሰው፣ ነገ በማለዳ፣ ብርድ እንዳደነዘዘው አጢሼ ላንሳው። ፀሐይ ከሞቀው አይቻልም» አለችው።

«እንዳትደርሽበት! ካልነኩት አይነካም።»

«እኔ መች ነካሁት? ጌሾ ልቀነጥስ ወጥቼ እንጂ።»

«ጌሾው እስከ ሐሙስ ይቆይ።»

ሐሙስ የወሰን ቀን ነው። ፋንታሁን ከጎረቤቱ ከበላቸው ጋር አራት ዓመት የተሟገተበት ድንበር በአጋሙ በኩል ያልፋል። ከአጋሙ በላይ የፋንታሁን ጌሾና ቤቱ፣ ከታች የበላቸው ባቄላ አለ። ድንበሩን ከልጅነታቸው የሚያውቁት አያ ቢያዝን፣ እንዳገሩ ደንብ በግዝት ታስረውና የአፈር ጓል በትከሻቸው ተሸክመው ሊሄዱ ነው። ጓሉን እስኪያወርዱ የረገጡት ሁሉ ወሰን ይሆናል፤ መመለስ የለም፤ ሁለቱም ተሟጋቾች በዚህ ተገዝተዋል።

ፋንታሁን አስልቶ ጨርሷል። ሽማግሌው ተርቡን ሲያዩ ይዞራሉ። ወደ ላይ ጌሾው ጥቅጥቅ ነው፤ ወደ ታች ግን ባቄላው ለእግር ይመቻል። በሐሰት አልማለ፣ ጉቦ አልሰጠ፤ አንድ የእግዜር ፍጥረት በቤቱ ተወው እንጂ ምን አደረገ?

ሐሙስ ረፋድ ላይ አያ ቢያዝን ጓሉን ተሸክመው ፊት ቀደሙ። ጭቃ ሹሙ ዋኘውና ሁለቱ ተሟጋቾች ተከተሉ። አጋሙ ዘንድ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆመው ተርቡን አዩ። ፋንታሁን ወደ ባቄላው አየ።

«ወሰኑ በመካከሉ ነው» አሉ አያ ቢያዝን። «ተርብ አለበት ብዬ ቃሌን አላጎብጥም።»

ቁጥቋጦውንም በከዘራቸው ገለጡት።

በላቸው ባቄላው ውስጥ ተወረወረ። ጭቃ ሹሙ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተደፉ። አያ ቢያዝን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተርብ ጋር የኖሩ ናቸውና መዳኛው ጭስ መሆኑን አልዘነጉም። ጭስ ያለው ደግሞ ከታየች ምድጃ ነው። ጓሉን እንደታቀፉ ጌሾውን ሰንጥቀው፣ የቤቱን ግድግዳ ታክከው፣ በጓሮው በር ገቡ።

«ኧረ አያ ቢያዝን! ምነው፣ ምን አገኘዎ?»

«እርጥብ እርጥቡን ጨምሪበት፣ ልጄ!»

ጓሉን ያወረዱት ከምድጃው አጠገብ ነው።

ተርቡ ሲበርድ ሁሉም ያበጠ ፊቱን ይዞ ከደጃፉ ተሰበሰበ።

«ይህ አይቆጠርም!» አለ ፋንታሁን። «የሮጡት ተርብ አባሯቸው ነው።»

«የረገጡት ይጸናል ብለህ የተገዘትኸው አንተ አይደለህ?» አለ በላቸው፣ ባልተዘጋው ዓይኑ እያየው።

ጭቃ ሹሙ አሰቡ። «ፋንታሁን፣ ተርቡ እዚያ መኖሩን ታውቅ ነበር? ካወቅህ በግዝት መንገድ ላይ ወጥመድ አኑረሃል፤ ቤትህም ቢሄድ አይበቃህ። ካላወቅህ ግን የእግዜር ትእዛዝ ነው፤ ለሱ ደግሞ ይግባኝ የለም።»

ፋንታሁን ሚስቱን አየ። ታየች ያበጠ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አላውቅም ነበር» አለ።

«አንቺስ፣ ታየች?»

«ባሌ የማያውቀውን እኔ ከየት አውቄ፣ ጌታዬ?»

«እንግዲህ ወሰኑ የቤቱ ግድግዳ ነው። ቤቱን ለባለቤቱ ምረናል» አሉ ጭቃ ሹሙ።

አያ ቢያዝን አንገታቸውን እያሻሹ ወደ ፋንታሁን ዞሩ። «አዬ ልጄ፤ በአጋሙ ውስጥ ሦስት እርምጃ ብጨምር ኖሮ እኮ ወሰኑ አልቆ ጓሉን አወርድ፣ ጌሾውም ያንተ ነበር።»

«ሸጋ ጌሾ ነው» አለ በላቸው። «ለጠላ ሲያንሳችሁ ድምፅ አሰሙኝ።»

የወሰን ድንጋይ የሚሸከም የተረታው ነውና፣ ፋንታሁን ትልቁን መርጦ አመጣ።

«ትንሽ ወደ ግድግዳው አስጠጋው» አሉት ጭቃ ሹሙ።

አስጠጋው።