ከስልሳ ዝቅ ካለ

ኩርባው ላይ ሲደርስ መንገዱ ተቆረጠ። ነጯ ቤት በቀኝ በኩል ነበረች፤ ወዲያው ደግሞ አልነበረችም። ከእሷ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት አስፋልት ሳይመጣ ቀረና የጭነት መኪናው አፍንጫ ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ጉታ ፍሬኑን ረግጦ ነበር። ዘግይቷል። የዘገየበትን ቅጽበት ግን አላየውም።

«ደግሞ ገደል ገባህ?» አለችው ልጁ ኢፍቱ ከጓዳ ሆና።

«ገባሁ።»

«አይዞህ አባዬ፣ ትራፊክ አይመጣብህም።»

ጨዋታ ነው። መሪው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረ ፕላስቲክ፣ ተራራው ከአንድ ክንድ የማይሰፋ ስክሪን ውስጥ ያለ ተራራ። ኢፍቱ የሕንፃ ፕላን ትሠራበት ዘንድ በገዛችው ኮምፒውተር ላይ ጨዋታውን የጫነችለት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር፤ «ቁጭ ብለህ ግድግዳ ከምታይ» ብላ። ጉታ ግድግዳ ማየት ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው።

ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል። ከሱሉልታ በረዳትነት ወርዶ፣ ጎማ ተሸክሞ፣ ጭነት አስሮ፣ በመጨረሻ መሪ ጨብጦ። ያን ቀን አጠና ጭኖ ከእንጦጦ ወደ ቁስቋም ቁልቁል እየወረደ ነበር። አንድ ዘንበል ያለ ባሕር ዛፍ በቀኙ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ የሰው ግቢ የቆርቆሮ አጥር መስታወቱ ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ሰው አልተጎዳም። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና የፍሬን ዘይት ጎድሏል አለ። ሰፈሩም ፍሬን ነው አለ። ጉታም «ፍሬን ነው» አለ፤ ቁልፉን ለባለመኪናው መልሶ ቤቱ ገባ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ፊደሎቹን አንብቧል። መንገድ ተቆርጦ ማየቱን ግን አልነገረውም። እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ዛሬ ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ወይዘሮ ታየች ትደውላለች። የተማሪ ሰርቪስ አላት፤ አሥራ አራት ሕፃናት ጠዋት ከቀጨኔ ወስዶ ማታ የሚመልስ ሚኒባስ። ሹፌሯ ለቆባታል። ሐሙስ ዕለት ቤቱ ድረስ መጥታ «ጋሽ ጉታ፣ ፍሬኑን እኔ ራሴ ቆሜ ነው የማስፈትሸው። እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉኝና ሰኞ ይጀምሩ» ብላዋለች። እስከ ቅዳሜ ላስብበት አላት። ያሰበው ግን ቁጭ ብሎ አልነበረም፤ ይህን የስክሪን ተራራ እየወጣና እየወረደ ነበር። እዚህ ካለፍኩ እዚያም አልፋለሁ፣ ብሎ ለራሱ ወስኖ።

ነገሩን ያወሳሰበበት ጨዋታው የተጫነበት የመጀመሪያው እሑድ ነው። ያን እሑድ መንገዱ እንደ ውሃ ፈሶለት ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ተቆራረጠ። ማሽኑ ታሞ ነው እንዳይል፣ ይህን መቆረጥ ከማሽኑ በፊት ያውቀዋል። እኔ ነኝ እንዳይል፣ ኢፍቱም ፕላኗ ሲዞር እየተንቀረፈፈ አስቸግሯታል። «ግራፊክስ ካርዱ ሳይሞት አይቀርም» ብላ ሽሮ ሜዳ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ፈሀድን ጠርታዋለች።

ፈሀድ አምስት ሰዓት ላይ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ነው። ጨዋታውን ከፈተና አንድ ነገር ነካክቶ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ ቁጥር አወጣ።

«ይቺን ያዩዋታል ጋሼ? አሥራ አራት ትላለች። በሰከንድ አሥራ አራት ሥዕል ማለት ነው። ስልሳ መሆን ነበረበት።»

«ምን ሥዕል?»

«እ... ማለቴ፣ መንገዱ መንገድ አይደለም። ሥዕል በሥዕል ላይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ የሚሄድ ይመስላል። ማሽኑ ሲያቅተው በመካከል ያለውን ይዘላል። ያኔ መንገዱ ቁርጥ ይልብዎታል።»

ጉታ ፈሀድን ትኩር ብሎ አየው። መንገድ «ቁርጥ ይላል» ሲባል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

«እና ነጂው ምንም አላጠፋም?»

«ነጂው ምን ያጥፋ ጋሼ! ላላዩት ነገር እንዴት ፍሬን ይረግጣሉ?»

ፈሀድ ስልኩን አብርቶ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተንበረከከ። ገመዱን በብርሃኑ ተከትሎ አየ። ከዚያ ሳቀ።

«የስክሪኑን ገመድ እዚህ የሰካው ማን ነው?»

«እኔ» አለ ጉታ። «ማታ ማታ እነቅለዋለሁ፣ ጠዋት እሰካለሁ።»

«ለምን?»

«ቆሞ የሚያድር መኪና ባትሪው ይነቀላል።»

ኢፍቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባዬ! በየቀኑ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነቅያለሁ፤ አንድም ቀን ተቃጥሎብኝ አያውቅም።»

ፈሀድ እጁን ይዞ ቀዳዳዎቹን አስዳሰሰው። ሁለት ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ ነው። ላይኛው የኮምፒውተሩ የራሱ፣ ታችኛው ሥዕሉን የሚያፈጥነው የካርዱ። ጉታ በዳሰሳ ሲፈልግ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ላይኛውን ነበር። የመጀመሪያውን እሑድ የሰካችው ኢፍቱ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። «ሞተር እያለው እየገፉት ነበር ማለት ነው» አለ ፈሀድ፤ ገመዱን ወደ ታችኛው አዛወረና ከእንግዲህ እንዳይነቅል አስምሎት ሄደ።

ቁጥሩ ስልሳ ሆነ።

ጉታ ተራራውን ወጣ። ነጯ ቤት በቀኝ በኩል ብቅ አለች፣ መስኮቷን አሳየችው፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ቀጥሎ መምጣት ያለበት አስፋልት መጣ። መሪውን ለቀቅ፣ ጠምዘዝ፣ ለቀቅ። አለፈ። ተመልሶ ደግሞ አለፈ። በሦስተኛው ኢፍቱ ከጀርባው ቆማ አጨበጨበችለት፤ እሱም ሳያስበው እያፏጨ ነበር፣ ድሮ ባዶ መኪና ይዞ ሲመለስ እንደሚያፏጨው። ያን ቀንም ፍሬኑ ይሆናል እኮ፣ አለ በልቡ። ዘይቱ ጎድሏል አይደል የተባለው? ሰው ሲደነግጥ ስንት ነገር ያየ ይመስለዋል።

ምሳውን ጠግቦ በላ። ፂሙን ተላጨ። በስልክ እሺ ለማለት ለምን እንደሚላጭ ራሱም አልገባውም። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ እንዲያው ለደስታ፣ አንዴ ልውጣ ብሎ መሪው ፊት ተቀመጠ።

ነጯ ቤት በቀኝ በኩል ነበረች።

የጭነት መኪናው አፍንጫ ገደሉ ላይ ነበር።

ጉታ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ብቻ ወደ ጥጉ ወሰደ። ስልሳ። ቢጫዋ ቁጥር ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብላለች። ወርዳ ተመልሳ ይሆን? ማሽን አይደለም ወይ፣ አንዴ ቢደክመው ምን አለበት? እሱ ቁጥሯን አላየም፤ መንገዱን ነበር የሚያየው፣ ነጂ ማየት ያለበትን። ወይስ መንገዱንም አላየም? ጎንበስ ብሎ ከጀርባ ዳሰሰ። ገመዱ ታችኛው ላይ ነው። በጣቱ ጫን አለው፤ ጥብቅ ብሏል። እንዲላላ ፈልጎ እንደነበር የገባው ጣቱን ካነሳ በኋላ ነው።

«ኢፍቱ።»

«አቤት።»

«ነይ እስቲ። በርጩማውን ይዘሽ ነይ።»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«እዚህ ተቀመጪ። መንገዱን እንዳታዪ። ይቺን ቁጥር ብቻ እያየሽ ጥሪልኝ። ከስልሳ ዝቅ ካለ ማሽኑ ነው፤ ንገሪኝ።»

«ተስተካከለ አይደል እንዴ? ፈሀድ እኮ...»

«ያን ቀን ፍሬኑ አልነበረም፣ ኢፍቱ።»

ኢፍቱ ወደ እሱ ዞረች። አባቷን አየችው፣ የተላጨ ጉንጩን፣ ፕላስቲኩን አንቆ የያዘ እጁን። ከዚያ በርጩማውን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠችና ዓይኗን ጥጉ ላይ ተከለች።

ጉታ መኪናውን ከገደሉ መልሶ ከተራራው ሥር አቆመ። ማርሽ አስገባ።

«ስልሳ» አለች ኢፍቱ። «ስልሳ።»

ዳገቱ ተጀመረ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ የወይዘሮ ታየች ስም ወጣ። ሁለቱም አላነሱትም። እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ተጠጋ።

«ስልሳ። ስልሳ።» ድምጿ ቀጠነ። ጉታ ቁጥሩ እንዲወርድ እየለመነ መሆኑን አወቀ፤ አንዴ ብቻ፣ አሥራ አራት ድረስ ባይሆን እንኳ ሃምሳ ድረስ።

«ስልሳ» አለች ኢፍቱ።

ነጯ ቤት በቀኝ በኩል ብቅ አለች።