ለረጋውም ይግባ

«ሌባ ነሽ፣ ካሳነሽ! ተራዬን ለማን ሰጠሽው?» ዓለምነህ የሩዝ ጆንያውን ከመፈልፈያ ቤቱ ደጃፍ ዱብ አደረገው።

ካሳነሽ ሞተሩን አጠፋች። «ምን ሆነህ ነው?»

«በአፍሽ ጳጉሜ ስድስት አልሽኝ። ስልኬ ላይ የመጣው መልእክት መስከረም አንድ ይላል። በእንቁጣጣሽ ማን ሊፈለፍልልኝ ነው? ከቁሐር ሚካኤል በዚያ ጭቃ ስመጣ ጅል መሰልኩሽ?»

ተራ ጠባቂው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በወረታ ስሟ አንዴ ከጠፋ ደጇን የሚረግጥ የለም። የካሳነሽ ዓይን ግን ከዓለምነህ ላይ ተነሥቶ ልጇ አምሳል ላይ አረፈ። ያን ተራ የሚይዝ የስልክ ፕሮግራም ባሕር ዳር ተምራ ያመጣችው እሷ ናት።

«አንቺ፣ ማን ነካካው?»

«ማንም። ፕሮግራሙ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ጳጉሜ ስድስትን አያውቃትም። ባለፈው ወር እኔው አርሜው ነበር።»

«ታርሞ ነው እንዲህ?»

«የታረመው ገና የሚፈተነው የሙከራው ቅጂ ነው፣ እማዬ። ይህን ፕሮግራም በየአገሩ ያለ ሰው በነፃ ያርመዋል። እኛ የምንሠራበት ግን የረጋው፣ ተፈትኖ ያለቀው ቅጂ ነው። አራሚው ‹ለረጋውም ይግባ› ብሎ ምልክት ካላደረገ እርማቱ እዚያው ይቀራል።»

«በነፃ!» ካሳነሽ በነፃ የሚደክም ሰው አይታ አታውቅም፤ ውሻ እንኳ አጥንት ሳያይ አይከተልም። «ምልክቱን እንዳታደርጊ ማን መከረሽ? የይፋጉ ባለመፈልፈያ?»

«ኧረ ማንም! አፈርኩ። ለእኛ አገር አንዲት ቀን ብዬ ያን ሁሉ ሰው ላስቸግር?»

«ጳጉሜ ስድስት ቀን አይደለችም? ሰው አይበላባትም? አሁኑኑ አድርጊ!»

«መጀመሪያ በረጋው ላይ ተሞክሮ፣ የሞካሪው ስም መጻፍ አለበት።»

አምሳል እርማቱን በእናቷ ስልክ ላይ ጫነች። ካሳነሽ ግን ልጇን ገፋ አድርጋ የዓለምነህን ተራ በገዛ ጣቷ እንደገና መዘገበች። ወዲያው የዓለምነህ ኪስ ጮኸ።

ዓለምነህ አየው። ደግሞ አየው። «ጳጉሜ ስድስት ይላል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አምሳል በሞካሪው ቦታ የእናቷን ስም መጻፍ ጀመረች።

«አጥፊው!» አለች ካሳነሽ። «እናት ለልጇ ሥራ ብትመሰክር ማን ያምናታል? የሱን ስም ጻፊ፤ ሌባ ያለኝን።»