ቁልፍ ያልተተከለለት ካፖርት

ታላቅየዋን ቅናት አንጀቷን ይበላት ነበር። በልብስ ሰፊው ቤት ከታናሽ እህቷ ሌላ ወሬ የለም። ትንሿ የሰፋችውን ካፖርት የለበሰ ሰው ከመሬት ይነሳል፣ በጣሪያዎች ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲበቃው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደንበኛው ተሰልፎ መንገዱን ይዘጋል፤ አባታቸውም «የኔ ወርቅ!» እያለ ግንባሯን ይስማል።

ታላቅየዋስ? ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። «እሷም ብትሆን ለቁልፍ እጅ አላት» ይላል አባቷ፤ ማመስገኑ ነው እንግዲህ!

አንድ ቀን ትንሿ ለራሷ ቀይ ካፖርት ሰፋች። ጎረቤት ሁሉ ሊያያት ግቢውን ሞላው።

«እትዬ፣ ቁልፉን ቶሎ በይልኝ።»

«ዛሬ ራስሽ ትከዪው። ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ?»

ትንሿ ኩምሽሽ አለች። ካፖርቱን ሳትቆልፍ ለብሳ ወጣች። ታላቅየዋ ነፋሱ ካፖርቱን ሲያራግበው፣ ሰውም ሲስቅባት ለማየት መስኮት ላይ ተለጠፈች።

የሳቀ ግን የለም። ትንሿ ተነሳች፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ የጎረቤቱን ፎቅ አለፈች። ከዚያ ለመውረድ ስትሞክር ይባስ ብላ ወደ ላይ ሄደች።

«አባባ! አልወርድ አለኝ!»

ታላቅየዋ ክው አለች። እስከዛሬ የወረደው ሰው ሁሉ እሷ በተከለችው ቁልፍ ነበር የወረደው! ይህን እሷም፣ አባቷም፣ ማንም አያውቅም ነበር። ልትደሰት ይገባት ነበር፤ እሷ ግን ወደ መስቀያው ሮጠች።

ቁልፉ የተተከለለት የአንድ ደንበኛ ካፖርት መንጭቃ ለበሰች፤ መርፌ፣ ክርና የቀዩን ካፖርት ቁልፍ ይዛ በመስኮቱ ወጣች። በሕይወቷ በራ አታውቅም። ከእልኸኝነቷ የተነሳ አንድም ቀን ሞክራው አታውቅም። ደመናው ሥር እህቷን አጥብቃ ይዛ ቁልፉን ተከለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ተቃቅፈው ወረዱ።

ሰው ሁሉ ትንሿን ከበበ። አባታቸው እያለቀሰ ሳማት። «ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ወርቅ?»

ታላቅየዋ ዳር ቆማ ቀረች። የመውረዱ አስማት የእሷ መሆኑን ብትናገር፣ ቁልፉን ለምን እንዳልተከለችው ልትጠየቅ ነው።

ትንሿ በአይኗ ፈለገቻት። «ቁልፉን ለእትዬ መስጠት ረስቼ ነው» አለች።

በዚህም በለጠችኝ! አለች ታላቅየዋ በሆዷ፤ ከምንጊዜውም በላይ ቀናች። ሰዉን እየገፋች መሀል ገባች።

«ውሸቷን ነው» አለች። «ሰጥታኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት።»